ያልተሰበረው ጀሶ

መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። አንድ እግር ቡናማ ጫማ፣ ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ፣ የቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ጉብ ብሎ ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስላል። ከጫማው ወዲያ ደረጃ የለም። አቧራ ብቻ ነው። ከአቧራው ውስጥ ደግሞ ድምፅ መጣ።

«ማነሽ አንቺ? ከቆምሽ አይቀር እጅሽን ስጪኝ እንጂ!»

የሕንፃው ባለቤት እማማ ፎቄ ነበሩ። እውነተኛ ስማቸው ሌላ ነው። «ፎቄን አታቆሽሹ»፣ «ፎቄ ላይ አትሩጡ»፣ «ፎቄ እናንተ ሳትወለዱ ነበረች» ሳይሉ ስለማይውሉ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። የቤዝመንቱ ጥግ ግድግዳ ተደርምሶ ግራ እግራቸው ላይ ተኝቷል። እጄን ሰጠኋቸው። አንዴ ክፉኛ ጨመቁኝና ራሳቸውን ሳቱ።

ጮህኩ። እኔ ስጮህ ደግሞ አገር ይሰማል።

አምቡላንሱ ይዟቸው ሲወጣ ፖሊሶቹ ገቡ። ከፖሊሶቹ ኋላ አባዬ ከሌላ ሥራ በሩጫ መጣ፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለካበት ቱምቢው ከኪሱ እንደተንጠለጠለ ነበር። ፍርስራሹን ሲያይ ቁጢጥ አለና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ጀሶዬ አልተሰበረም ነበር» አለ። «ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። አንዱም አልተሰበረም።»

«ግድግዳው አይንቀሳቀስም ብለህ ለነዋሪው የተናገርከው አንተ ነህ?» አለው አንዱ ፖሊስ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አብረኸን ትሄዳለህ።»

ሲወስዱት ቱምቢውን ሰጠኝ። «እንዳይጠፋ» አለኝ። ሰውዬው ራሱ እየጠፋ ስለ ቱምቢ ያስባል! እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ስጀምር ጎረቤታችን አባባ ጥርሱ ከቤዝመንቱ በላይ ካለው የምድር ቤት ክፍላቸው ውሃ ይዘውልኝ ወጡ። ብርጭቆው በእጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሁላችንም እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

የአባዬን ሥራ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። አባዬ የስንጥቅ ሐኪም ነው። ሰው የቤቱ መሠረት ሲሰነጠቅበት ይጠራዋል። አባዬ ግን እንደ ሌላው ግንበኛ ዘሎ ሲሚንቶ አይመርግም። መጀመሪያ ስንጥቁ ላይ በግራና በቀኝ የሚይዝ፣ መዳፍ የምታህል የጀሶ ልጥፍ ይለጥፋል። ቀኑን በምስማር ይጽፍባታል። ከዚያ ይጠብቃል። ቤቱ ከተንቀሳቀሰ ልጥፏ ትሰበራለች፤ ካልተንቀሳቀሰ ስንጥቁ የድሮ ነው፣ ቤቱ ሰላም ነው። ጀሶ የሚመረጠውም ደካማ ስለሆነ ነው። ግድግዳው ትንሽ ከተነፈሰ እሷ ቀድማ ትጮሃለች።

አንድ ሕግ ደግሞ አለው። ልጥፍ በዓይን ይታያል እንጂ በእጅ አይነካም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ ባልዲ የምሸከምለት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ልነካ ስል እጄን በጥፊ መትቶኛል። «ከነካሻት እሷም ትዋሻለች» አለኝ።

ኢንስፔክተሩ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ካፖርቱ ከእሱ ይልቅ ዕድሜ የጠገበ። ላይኛው ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሲናገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ወዲያው ስም አወጣሁለት፤ ቀጭ ቀጭ።

«አንቺ ማነሽ?»

«የታሰረው ሰውዬ ልጅ።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኖራለሁ። እርስዎስ?»

ቀጭ አለ። እንደ ሳቅ ነው መሰለኝ። ፍርስራሹን በእጁ እያገላበጠ ቆይቶ አንድ ቁራጭ ግንብ አነሳ። የተያያዙ ጡቦች ናቸው፤ መሐላቸው ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ላይ የጀሶ ልጥፍ። ልጥፏ ደህና ናት። ጭረት እንኳ የላትም። ጡቡ ግን ከልጥፏ ጎን ለሁለት ተገምሷል።

«ይሄ የአባትሽ ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁ። «ቀኑ የእሱ ነው። ቁጥሩ ግን... አባዬ በምስማር ነው የሚጽፈው፤ ቁጥሩ እንደ ጣቱ ወፍራም ነው። ይሄ በመርፌ የተጻፈ ይመስላል።»

«ልጅ ለአባቷ ብዙ ነገር ታያለች» አለና ቁራጩን በጋዜጣ ጠቀለለው። ግን እሱም ቁጥሩን ደግሞ ሲያየው አይቻለሁ።

በማግስቱ ለአባዬ ልብስ ይዤ ጣቢያ ስሄድ ኢንስፔክተሩ አስገባኝ። አባዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ሥራ ስለሌለው ምን እንደሚያደርገው አያውቅም፣ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር።

«ይህን ጥግ ከዓመታት በፊት የጠገንከው ራስህ ነህ?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ራሴ ነኝ። ሚስቴ ነበረች አሸዋውን ያቀበለችኝ።»

«ጥገናው ሲከሽፍ አፈርክ፤ የተሰበረውን ልጥፍ አንስተህ በጠንካራ ነገር ደግመህ ለጠፍክ። እንዲህ የሚል ሰው አለ።»

«ያ ሰው ስለ ጀሶ ምንም አያውቅም።»

«አለቃዬ ነው።»

«አለቃህም ቢሆን አያውቅም።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ኢንስፔክተሩም ወደ መስኮቱ ዞረ። ተመልሶ ሲዞር ፊቱ ሌላ ነበር። «ዓርብ ፋይልህ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ሴትዮዋ ካልነቁ ደግሞ ክሱ ይከብዳል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኘሁ ያለኝ አንተ ነህ።»

አባዬ እኔን አየኝ። «አይዞሽ» ሊለኝ አፉን ከፍቶ፣ «በልተሻል?» አለኝ።

በልቻለሁ አልኩት። አልበላሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢንስፔክተሩን እንደ ጥላው ተከተልኩት። ሁለቴ አባረረኝ። በሦስተኛው፣ «ቤቱን የምታውቅ ሰው ብትኖር አይከፋም» ብሎ ተወኝ።

ቤቱንስ አውቀዋለሁ። የትኛው ደረጃ ሲረገጥ እንደሚያለቅስ፣ የትኛው መስኮት በክርን ካልተገፋ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ኮሪደሩ ሁልጊዜ የወለል ሰም ይሸታል። እናቴ ልብስ የምታሰጣው በኋለኛው በረንዳ ነበር፤ እኔ ከአንሶላዎቹ ሥር እየሮጥኩ፣ እሷ ጥላዬን እያየች «ሌባ! ሌባ!» ትላለች። አሁንም እዚያ በረንዳ ላይ እርጥብ አንሶላ ካየሁ ጎንበስ ብዬ ነው የማልፈው። ለምን ብትሉኝ አላውቅም።

መጀመሪያ የተጠየቁት ዘበኛው ናቸው። የቤዝመንቱ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በክር ተንጠልጥሎ ከአንገታቸው አይወርድም።

«መቼም አውልቀውት አያውቁም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ስታጠብ ብቻ።»

«እንግዲያው ወርዶም አያውቅ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን በዚህች ምላስሽ ትታነቂያለሽ!» ብለው ዱላቸውን አነሱ። ከልቤ እወዳቸዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ በዚያው ዱላ ኳሴን ከጣሪያ ያወርዱልኝ ነበር።

«ማን ማን ገብቷል?»

«አባቷ። እማማ። አንድ ጊዜ ደግሞ ያ የእህታቸው ልጅ፣ ሽቶ የሚርከፈከፍበት፣ ከአንድ ሰውዬ ጋር። በቃ። ሌላ ባዕድ ሰው እግሩን አላስገባም።»

«የእህታቸው ልጅ ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ምን አውቄ! ሲወጣ ጫማው ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር።»

ኢንስፔክተሩና እኔ ተያየን። ጀሶ ነጭ ነው።

ሽቶን፣ የእህታቸውን ልጅ እንዲህ ነው የምጠራው፣ በመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቁ ውስጥ አገኘነው። ከእንጨት መደርደሪያዎቹ መሐል ቆሞ ሳለ የሞተር ዘይቱ ሽታ ራሱ ተሸንፎለት ነበር። ኢንስፔክተሩን ሲያይ ፈገግ አለ፤ እኔን ሲያይ ፈገግታውን አጠፈ።

«አክስትህ ሆስፒታል ናቸው» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ሰምቻለሁ። ማታ እዚያው አድሬ ነው የመጣሁት።»

«ቤዝመንቱ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«እኔ?»

«የለም፣ ሽቶህ» አልኩ።

«ዝም በይ» አለኝ ኢንስፔክተሩ፤ ቀጭ።

ሽቶ ትንሽ ተቅለሰለሰና ተናገረ። ቤቱን አስፈርሶ ረጅም ሕንፃ ማቆም ይፈልጋል። አክስቱ እንቢ ስላሉት መሐንዲስ ይዞ ገብቶ ግድግዳውን አስመረመረ። ጫማው ላይ የነበረው ከግድግዳው የሚራገፈው የድሮ ኖራ ነው። «ከፈለጋችሁ መሐንዲሱን ጠይቁት። ፎቶ ሁሉ አንስተናል» ብሎ ስልኩን ከፈተ።

ኢንስፔክተሩ ፎቶዎቹን አየ። እኔም በክንዱ ሥር ገብቼ አየሁ። ልጥፎቹ ተደርድረዋል፤ ቁጥሮቹም ወፋፍራም፣ ጠማማ፣ የአባዬ። የጥጉ ልጥፍም ወፍራም ቁጥር አለው። እንግዲህ ያኔ ገና የአባዬ ነበረች ማለት ነው። ልጥፏ የተቀየረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንወጣ፣ «ያዙታ!» አልኩ። «ቤቱ እንዲፈርስ የሚፈልገው እሱ ነው!»

ኢንስፔክተሩ መንገዱ ላይ ቆመ። «ለዚያ ነው እኮ የማልይዘው። ቤቱ እንዲፈርስ የሚፈልግ ሰው የተሰበረ ልጥፍ ሲያገኝ ምን ያደርጋል?»

«በደስታ ይጨፍራል።»

«አባትሽን ጠርቶ ያሳየዋል። ሠፈሩን ሁሉ ጠርቶ ያሳየዋል። ይሄን የደበቀው ሰው ግን ቤቱ እንዲቆም የሚፈልግ ነው።» ካፖርቱን ቆለፈ። «ያን ቤት የሚወድ ማን ነው?»

«ሁላችንም» አልኩ። ያልኩትን ስሰማ ግን ሁላችንንም በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

እማማ ፎቄ ማክሰኞ ነቁ። እግራቸው በብረት ተወጥሮ ተሰቅሏል። ገና ስንገባ፣ «ፎቄ ቆማለች?» አሉ። ስለ እግራቸው አልጠየቁም።

«ቆማለች፣ እማማ። ጥጓ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለምን ወረዱ፣ እማማ?»

«የመኝታ ቤቴ በር አልዘጋ አለኝ። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ በአንድ ጣት ነበር የሚዘጋው። ያን ቀን በትከሻዬም እንቢ አለ። ደነገጥኩና የአባቷን ጀሶ ልየው ብዬ ወረድኩ። ዘበኛው ከፈተልኝ።»

«ጀሶውስ?»

«ደህና ነው! እሱን ሳይ ልቤ መለስ አለ። ከጎኑ ግን ጣት የሚያስገባ አዲስ ስንጥቅ ነበር። ዘወር ልል ስል...» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አባቷን ፍቱት። ያ ሰው ለፎቄ ክፉ አያስብም።»

ፍቱት በማለት ብቻ አይፈታም። አለቃው እዚያው ቃሉ ላይ ነው፤ ልጥፉን የሚነካ ሌላ ማን አለ ይላል። ከሆስፒታሉ ወጥተን ጣቢያ ስንደርስ ኢንስፔክተሩ ቁራጩን ከጋዜጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አንቺ የጀሶ ልጅ ነሽ። ንኪውና ንገሪኝ።»

የአባዬ ሕግ ትዝ አለኝ፤ ግን ይቺ ልጥፍ ከዚህ በላይ ልትዋሽ አትችልም። በጥፍሬ ቧጠጥኳት። የአባዬ ጀሶ ቢሆን ዱቄት ይሆን ነበር። ጥፍሬ መስታወት ላይ እንዳረፈ ተንሸራተተ።

እጄን ሰበሰብኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጥፍሬ ተሰበረ።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ቁራጩን መልሶ ጠቀለለው። ያን ዕለት ወደ ቤት ስመለስ በአባባ ጥርሱ በር ቀና ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አባባ ጥርሱ ጥርስ ሠሪ ናቸው። የወለቀ፣ የተሸረፈ፣ የረገፈ ይዞ የሚመጣ ሰው አፉን ሞልቶ ይሄዳል። የሚሠሩት በሚኖሩበት ክፍል ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የጀሶ መንጋጋዎች። በዚያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ጥርሱ እዚያ አለ። የእማማ ፎቄ፣ የዘበኛው፣ ድሮ ጥለውን የሄዱት ጎረቤቶች፣ የሟች ሚስታቸው። የእናቴም አለ። እናቴ ፍንጭት ነበረች፤ አንዴ ጥርሷ ሲሸረፍ ልኳን ወስደውላት ነበር። ልጅ ሆኜ ሲከፋኝ እሄድና፣ «አባባ፣ እማዬን ያውርዱልኝ» እላቸዋለሁ። ያወርዱልኛል። በዚያች ክፍተት ላይ ጣቴን አስቀምጬ ሳቋን እሰማለሁ። ፎቶ እንደዚያ አያደርግም።

ረቡዕ ኢንስፔክተሩ እዚያው ክፍል ገባ። እኔም ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት።

«ቤዝመንት ይወርዳሉ፣ አባባ?» አላቸው።

«በዚህ ጉልበት?» አሉና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ አፉን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይህን ጥርስ ማን ነው የሠራልህ?»

«ለምን?»

«የሠራልህ ሰው ቂም ቢኖረው ነው። ስትናገር እኮ የፈረስ ጋሪ ይመስላል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ኢንስፔክተሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ይስተካከላል?»

«ቁጭ በል። አንቺ፣ ውሃ አምጪ።»

ልኩን ወሰዱለት፤ ኢንስፔክተሩ አፉ ተሞልቶ መናገር ስላልቻለ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠያቂ መሰለ። አባባ ጥርሱ ጀሶውን በጎማ ሳህን በጠበጡት። ሲሠሩ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እንደ ወጣት ይሆናሉ፤ ያንጎራጉራሉም። ጀሶው ልኩ ላይ ሲፈስ፣ ሲሞቅ፣ ሲደርቅ አየሁ። በልጅነቴ ያችን ሙቀት ለመንካት ነበር ሰልፍ የምይዘው።

«ነገ ና፣ አዲሱን ትሞክራለህ» አሉት።

«ይሄን መንጋጋዬን ልውሰደው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለማስታወሻ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኩት። አልተኛሁም ነበር። በአንድ በኩል አባዬ አግዳሚው ላይ ጉልበቱን ሲያሻሽ ይታየኛል። በሌላ በኩል የእናቴን ሳቅ የሚያወርዱልኝ እጆች። ግን ነገ ዓርብ ነው። አባዬ ምንም አላደረገም።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት...»

እጁን አነሳ። «አንቺ አትንገሪኝ።»

«ግን...»

«ይሄ የእኔ ሥራ ነው። አንቺ በኋላ እዚያ ቤት ትኖሪያለሽ፤ እኔ አልኖርም። ስለዚህ እኔ ልናገረው።» ከካፖርቱ ኪስ የራሱን መንጋጋ አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ከተተው። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሱ እንዳላየ ሆነ።

አባባ ጥርሱ ክፍል ገባን። ዘበኛውንም ጠራቸው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር ደረደረ። የግንቡ ቁራጭ ከነልጥፏ፤ ከሌላኛው ግድግዳ የነቀላት የአባዬ ልጥፍ፤ የራሱ መንጋጋ። የራሱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና የአባዬን ልጥፍ ቧጠጣት። ዱቄት ረገፈ። የጥጉን ልጥፍ ቧጠጣት። ምንም። መንጋጋውን ቧጠጠው። ምንም።

«የግድግዳ ጀሶ የሚመረጠው ቀድሞ እንዲሰበር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የጥርስ ጀሶ ደግሞ ሲሠራበት እንዳይሸረፍ ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ ነው። ይቺን ልጥፍ ግድግዳው ሊሰብራት አልቻለም። እሷን ትቶ ጎኑን ሰበረ።» መንጋጋውን ገለበጠው። ከሥሩ «ኢንስፔክተር» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀጭን፣ በመርፌ የተጻፈ የሚመስል። ከልጥፏ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው።

ወደ ዘበኛው ዞረ። «ቤዝመንት ማን ገባ ስልዎት ምን አሉኝ?»

«ባዕድ አልገባም አልኩ።»

«እሳቸውስ?»

ዘበኛው አባባ ጥርሱን አዩ፤ ከዚያ ኢንስፔክተሩን። «እሳቸውማ እሑድ እሑድ ይወርዳሉ! የሚስታቸው ሣጥን እዚያ ነው ያለው፤ አየር ያስነኩታል። ክንዳቸውን ይዤ የማወርዳቸው እኔ ነኝ። ታዲያ እሳቸው ባዕድ ናቸው እንዴ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ አባባ ጥርሱ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ ጥርሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «አንድ እሑድ ስወርድ ልጥፏን ተሰብራ አገኘኋት። አባቷ ካየው ሁላችንም ውጡ እንባላለን፣ ቤቱ ይፈርሳል፣ ያ ሽቶ የሚርከፈከፍበት ልጅ ፎቅ ይቆልልበታል ብዬ ፈራሁ። ሚስቴ የሞተችው በዚህ አልጋ ላይ ነው።» ወደ አልጋው አላዩም። «ባለኝ ጀሶ ለጠፍኩት። ቀኑን ጻፍኩበት። ከዚያ እሑድ እሑድ አየዋለሁ፣ አይሰበርም። አልተሰበረም እኮ! ቤቱ ራሱ የቆመልኝ መሰለኝ። እኔው ሠርቼ እኔው አመንኩት።»

«እማማ ከወደቁ በኋላስ?»

«ልናገር ብዬ ኮቴን ለብሼ በር ድረስ እሄዳለሁ። እመለሳለሁ። እንደገና እለብሳለሁ።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «አባትሽ አግዳሚ ላይ ነው የሚተኛው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ኮቴን ስጪኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ለመልበስ ሲያቅታቸው እጅጌውን ያዝኩላቸው። ዘበኛው ወደ ግድግዳው ዞረው ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁት።

አባዬ ሲወጣ እሳቸው ሲገቡ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተገናኙ። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አባዬ ግን ፊታቸው ቆመ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«ታስወጣናለህ ብዬ።»

«ማን ያስወጣዎታል? እጠግነው ነበር እኮ! ልጥፏ ስትሰበር ነው ሥራዬ የሚጀምረው። ከሥሩ ቆፍሬ፣ ኮንክሪት ሞልቼ፣ በብረት ሰፍቼ... ያኔ ቀላል ነበር።»

አባባ ጥርሱ ግድግዳውን ተደገፉ። «ይጠገን ነበር?»

«ይጠገን ነበር» አለ አባዬ።   ክንዳቸውን ይዞ አግዳሚው ላይ፣ እሱ ራሱ ሲተኛበት በነበረው ቦታ፣ አስቀመጣቸው።

ከዚያ ወዲያ አቧራ ሆነ ኑሯችን። የተደረመሰው ጥግ ከላዩ ካሉት ክፍሎች ጋር መፍረስ ነበረበት። ከምድር ቤቱ የፈረሰው የአባባ ጥርሱ ክፍል ነው። ከመፍረሱ በፊት እኔና ዘበኛው መንጋጋዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለን አወረድን፤ የሚስታቸውንም ሣጥን ከቤዝመንቱ ፍርስራሽ አወጣን፣ አልተጎዳም። የቀረውን ቤት አባዬ ከሥሩ እየቆፈረ ይሞላዋል። አንዱን ጉድጓድ ሞልቶ ሳይደርቅ ቀጣዩን አይነካም፤ ሁለቱን ባንዴ ከከፈታቸው ግድግዳው የሚቆምበት ያጣል። እማማ ፎቄ በክራንች መጥተው ከላይ ሆነው ያዝዙታል። የመኝታ ቤታቸው በር እንደገና በአንድ ጣት ሲዘጋ ደጋግመው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት። ሽቶም አንድ ቀን መጣ፤ አክስቱ በክራንቹ ሲያሳድዱት ዘበኛው በሩን ከፈቱለት።

ኢንስፔክተሩ አዲሱን ጥርስ ሳይሞክር ቀረ። አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው፣ «ለምን ሌላ ሰው ጋ አይሄዱም?» ስለው፣ «ሠሪው እስኪወጣ እጠብቃለሁ» አለኝ።

አባባ ጥርሱን እስር ቤት ልጠይቅ ስሄድ ምን እላቸዋለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ተጨነቅኩ። ክፍልዎ አለ፣ አልጋዎ እንዳለ ነው ብላቸው ደስ ይላቸዋል። ማን ያረጋግጣል? ከሽቦው ወዲያ ተቀምጠው ሳያቸው አንሰው ነበር፤ ኮታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ይጨምር ነበር።

«ቤቱስ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ሽቦውን ያዝኩ። «ክፍልዎ ፈርሷል፣ አባባ። የቀረው ቆሟል።»

ዓይናቸውን ከዓይኔ አላነሱም።  ከዚያ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉት፣ ከፍ አደረጉት።

«ጥርሶቹስ?»

«እኛ ቤት ናቸው። መደርደሪያ አባዬ ሠራላቸው። ሚስትዎንና እማዬን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሲያወሩ የሚያድሩ ይመስለኛል።»

ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ፣ ያ የድሮው፣ ጀሶ ሲበጠብጡ የሚስቁት። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

«የአባትሽ ልጥፎችስ? አዲሶቹ?»

«ትናንት አንዷ ተሰበረች። በኋለኛው በረንዳ በኩል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።»

ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ። ወደ ሽቦው ተጠጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ለአባትሽ ነገርሽው?»

«ሮጬ ነው እንጂ!»